መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ከአደጋ ተጠብቆ መቆየት

መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ አብዛኛው አሽከርካሪ በመጀመሪያ የሚያደርገው ወርዶ ኮፈን መክፈትና ሞተሩን መመልከት ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ስለሚመስል ይህን ማድረጉ አይገርምም፤ ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት ለሕይወት የሚያሰጋው የቆመው ሞተር ሳይሆን ከኋላ እየመጣ ያለው፣ የቆመውን መኪና ገና ያላየ ሌላ አሽከርካሪ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የተበጠሰ ቺንጋ አንድ ሰዓት ቢቆይ የሚብስበት ነገር የለም። ሰው ግን ከሚሮጥ ተሽከርካሪ በአንድ እርምጃ ርቀት በቆመ ቁጥር፣ የቆይታው እያንዳንዱ ደቂቃ አደጋ አለው። ስለዚህ መኪናውን ከመንገዱ ማውጣት፣ እንዲታይ ማድረግ፣ ሰዎቹን ማራቅና እርዳታ መጥራት ሁሉም ከጥገና ይቀድማሉ፤ ከጥገናዎቹም መካከል መንገድ ዳር ፈጽሞ ሊሞከሩ የማይገባቸው አሉ።

መኪናው ገና እየሄደ ሳለ

ብልሽት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ይወጣል፣ የባትሪ ወይም የዘይት መብራት ይበራል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ወይም ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ከእነዚህ አንዱን እንዳዩ የሃዛርድ መብራቱን ያብሩና መውጫ ቦታ መፈለግ ይጀምሩ፤ ምክንያቱም መኪናው ሳይቆም በፊት ያለው ፍጥነት በእጅዎ የቀረ ብቸኛ ጉልበት ነው። በፍጥነት ሲጓዝ የነበረ መኪና ሞተሩ ቢጠፋም በሜዳማ መንገድ ላይ በነበረው ኃይል በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሊንከባለል ይችላል። ይህ ርቀት ብዙውን ጊዜ ከጠባብ ድልድይ ወይም ከኩርባ ለማለፍ በቂ ነው፤ አንዴ መንገድ መሃል ከቆመ በኋላ ግን ያንኑ ርቀት በሰው ጉልበት ማግኘት ከባድም አደገኛም ይሆናል።

ሞተሩ በጉዞ ላይ ሲጠፋ መሪውና ፍሬኑ በድንገት ይከብዳሉ፤ መክበድ ግን አለመሥራት አይደለም። በብዙ መኪኖች ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው አየር አልባ ግፊት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ረገጣ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግመው እየረገጡና እየለቀቁ ይህን እገዛ አይጨርሱት፤ አንዴ አጥብቀው ረግጠው እስኪቆም ድረስ ይያዙት። ቁልፉንም መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አይንቀሉ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ቁልፉ ሲነቀል መሪው ይቆለፋል።

ጎማ በድንገት ሲፈነዳ ደግሞ የሚቀድመው ፍሬን አለመርገጥ ነው። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀው ይያዙ፣ መኪናውን በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርገው ያቆዩ፣ እግርዎን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብለው ያንሱ፣ ፍጥነቱም ራሱ ሲቀንስ ወደ ዳር ይውጡ። ዳሩ ጠባብ ወይም ኩርባ ላይ ከሆነ በተነፈሰው ጎማ በእግር ጉዞ ፍጥነት ወደ ተሻለ ቦታ መሄድ ይቻላል። ይህ ጎማውን ያበላሸዋል፤ ምናልባትም ቸርኬውን ያጣምመዋል። ቸርኬ ግን ይገዛል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ቸርኬ ለማዳን ሲል በጣም መጥፎ ቦታ ላይ ሲቆም ስላየሁ ነው።

ጥሩ የሚባለው ቦታ ቀጥ ያለ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ከሩቅ የሚታይ፣ መሬቱ ጠንካራና ሜዳማ የሆነ ነው። ከኩርባ ወይም ከአቀበት ጫፍ ወዲያ ማዶ መቆም ከሁሉ የከፋው ነው፤ የሚመጣው አሽከርካሪ መኪናውን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነውና። ለአብዛኛው ብልሽት ትንሽ ራቅ ብሎ መቆም የተሻለ ቢሆንም፣ ቀዩ የዘይት ግፊት መብራት ሲበራ ወይም ከኮፈኑ ጭስና የእሳት ሽታ ሲወጣ ግን ደኅና ሆኖ መቆም የሚቻልበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ወዲያውኑ ይቁሙና ሞተሩን ያጥፉ።

እንዲታዩ ማድረግ

መኪናው እንደቆመ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ኦቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ፓርክ ላይ ያድርጉ፣ የፊት ጎማዎቹንም ከመንገዱ ወደ ውጪ ያዙሩ፤ ከኋላ ቢገጭ ወደ ተሽከርካሪው መስመር ሳይሆን ወደ ዳር እንዲሄድ ይረዳል። ሲመሽ ወይም ጭጋግ ሲኖር ከሃዛርዱ ጋር የዳር መብራቶቹን ያብሩ። ከኋላ መብራቶቹ ፊት ግን ማንም እንዳይቆም ይጠንቀቁ፤ አንድ ሰው ቆሞ መብራት ሲጋርድ መኪናው በከፊል ከዓይን ይሰወራል፤ ሰውየውም ራሱ ከጀርባው ባለው ብርሃን ምክንያት ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል።

አንጸባራቂ ሰደርያዎን ከመውረድዎ በፊት፣ መኪናው ውስጥ ሳሉ ይልበሱ። ሰደርያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉት ማወቅ ይጠቅማል። ቢጫው ወይም ብርቱካናማው ጨርቅ የሚያበራው በፀሐይ ብርሃን ነው፤ ሌሊት ከተራ ጨርቅ የሚሻልበት ነገር የለም። ሌሊት የሚሠራው ብርማው ጥብጣብ ሲሆን፣ እሱም የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሳል። ጥብጣቡ የተላላጠ ወይም በጭቃ የተሸፈነ ሰደርያ ሌሊት አያድንም።

የሦስት ማዕዘን ምልክቱን ምን ያህል ማራቅ እንደሚገባ በሒሳብ ማየት ይሻላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሽከርካሪው ምልክቱን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ሳይነካ 42 ሜትር አልፏል፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ ከ50 እስከ 60 ሜትር ተጨማሪ ያስፈልገዋል። በእርጥብ መንገድ ይህ በእጅጉ ይረዝማል። ስለዚህ መኪናዎች በሚሮጡበት መንገድ ላይ ምልክቱን ከመኪናው 20 እርምጃ ወደ ኋላ ማስቀመጥ ምንም ያህል አይጠቅምም፤ 100 ሜትር፣ ማለትም ወደ 130 የሚጠጉ ተራ እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። መኪናው ከኩርባ ወይም ከአቀበት ጫፍ ወዲያ ከቆመ ደግሞ ምልክቱ ከኩርባው ወይም ከጫፉ በፊት መቀመጥ አለበት፤ አሽከርካሪው ኩርባው ውስጥ ሳይገባ ማወቅ ይገባዋልና። በጠባብ የሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ከፊት ለሚመጡትም ሌላ ምልክት ቢኖር መልካም ነው።

ምልክቱን ለማስቀመጥ ሲሄዱ ዘርግተው፣ ከፊትዎ ይዘው፣ ከመንገዱ ጠርዝ ውጪ፣ የሚመጡትን መኪኖች እያዩ ይራመዱ። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የብሪታኒያ የመንገድ ደንብ በተራ መንገድ ላይ ምልክቱ ቢያንስ 45 ሜትር ወደ ኋላ እንዲቀመጥ ሲመክር፣ በፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ግን ጭራሹን ምልክት እንዳይቀመጥ ይከለክላል፤ ምክንያቱም ብዙ መስመር ባለው ፈጣን መንገድ ዳር በእግር መሄዱ ራሱ ከጥቅሙ የበለጠ አደጋ አለው። ሌሎች አገሮች በፈጣን መንገድም ላይ እንዲቀመጥ ያስገድዳሉ። የሚነዱበትን አገር ደንብ አስቀድመው ይወቁ፤ ደኅና ሆነው የሚራመዱበት ዳር ከሌለ ግን ምልክቱን ትተው ራስዎን ያርቁ።

ምልክት የሌለው ሰው ድንጋይ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ሲደረድር ይታያል። ቅርንጫፍ ቀን ቀን ሊያገለግል ይችላል፤ ድንጋይ ግን በሌሊት ለማስጠንቀቅ ሳይሆን ለመገልበጥ የተዘጋጀ ነገር ነው፤ በተለይ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ በቦታው ሲቀር። እባክዎ ድንጋይ አስፋልት ላይ አያስቀምጡ፤ ሌላ ሰው አስቀምጦት የሄደውን ደኅና ሆነው ማንሳት ከቻሉም ያንሱት።

የት ቆሞ መጠበቅ እንደሚገባ

ሁሉም ሰው ከመንገዱ ተቃራኒ ባለው በር ይውረድ። የአሽከርካሪው በር ወደ ተሽከርካሪው መስመር የሚከፈት ከሆነ አሽከርካሪውም በመቀመጫው ላይ ተሻግሮ በሌላው በር ይውጣ፤ አይመችም፣ ግን ይቻላል። ከወረዱ በኋላ መኪናውን ተደግፎ ማውራት፣ ከፊቱ ወይም ከኋላው መቆም፣ በጥላው መቀመጥ ሁሉ ተመሳሳይ ስህተት ናቸው፤ ከኋላ የተገጨ መኪና ወደ ፊት ይወረወራልና በአቅራቢያው ያለ ሰው ማምለጫ የለውም።

ትክክለኛው ቦታ የብረት መከለያ ካለ ከመከለያው ጀርባ፣ ከሌለም ከመንገዱ ብዙ እርምጃዎች ራቅ ብሎ፣ ከመኪናው ትንሽ ወደ ኋላ፣ መኪኖቹ ወደሚመጡበት አቅጣጫ ነው። ሰው በደመ ነፍስ የሚሄደው ወደ መኪናው ፊት ሲሆን፣ ሲገጭ የሚሄደውም መኪና ወደዚያው ነው። መከለያ ሲሻገሩ አስቀድመው ከጀርባው ምን እንዳለ ይመልከቱ፤ በተለይ በሌሊት ድልድይ ላይ ከሆኑ ከመከለያው ማዶ መሬት ላይኖር ይችላል። ሕፃናትን እጃቸውን ይያዙ፤ ልጅ አሻንጉሊቱን ለማምጣት ወደ መኪናው ለመሮጥ አንድ ሰከንድ ይበቃዋል።

መውረድ የማይቻልበት ጊዜም አለ። መኪናው በሚፈስ ትራፊክ መሃል ቆሞ በሁለቱም ጎን መኪኖች እየሮጡ ከሆነ፣ ወይም ተሳፋሪው በሕመም ምክንያት መራመድ ካልቻለ፣ ቀበቶ አስሮ፣ ጭንቅላትን ከመቀመጫው መደገፊያ ጋር አስጠግቶ፣ ሃዛርዱን አብርቶ ለእርዳታ መደወል ይሻላል።

የባቡር ሐዲድ ላይ መቆም ከሁሉ ይለያል። በመጀመሪያ ሁሉም ይውረድ፤ ዕቃ ለማንሳት አይዘግዩ። ከሐዲዱ ሲርቁ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በሰያፍ ይሂዱ፤ ባቡር መኪና ሲመታ ፍርስራሹ የሚበተነው ወደ ሄደበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ከባቡሩ እየሸሸ በሚመስለው ወገን የሮጠ ሰው ፍርስራሹ ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ለሐዲዱ ኃላፊዎች ወይም ለፖሊስ የሚደወለው።

ሲደውሉ

ከመደወልዎ በፊት የት እንዳሉ ይወቁ፤ የመንገዱ ስም፣ የሚሄዱበት አቅጣጫ፣ በመጨረሻ ያለፉት የኪሎ ሜትር ምልክት ወይም ከስልክ ካርታ ላይ የተነበበ መገኛ ቁጥር ያስፈልጋል። "ትልቅ ዛፍ አጠገብ" ማለት ለሚፈልግዎ ሰው አይጠቅምም። መኪናው በተሽከርካሪ መስመር ላይ ቆሞ ከሆነ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ለፖሊስ ይናገሩ፤ መካኒኩ ቀጥሎ ይደርሳል። በማያውቁት አገር የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥሩ ከጠፋብዎ 112 በብዙ አገሮች ከተንቀሳቃሽ ስልክ ይሠራል። ከደወሉ በኋላ ስልኩን ለሙዚቃ ወይም ለፊልም አይጠቀሙበት፤ መልሰው ሊደውሉልዎ ይችላሉ።

ጎማ መቀየር

መንገድ ዳር በብዛት የሚሠራው ጥገና ጎማ መቀየር ነው፤ ሰው ቸል የሚለውም በዚሁ ነው። ከዓመታት በፊት በመንገዱ በኩል ያለው የኋላ ጎማዬ ተንፍሶ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ተንበርክኬ ስሠራ አንድ ከባድ መኪና በቅርብ አለፈ። የነፋሱ ግፊት መኪናዬን በክሪኩ ላይ አወዛወዘው። ክሪኩን ያቆምኩት ለስላሳ አፈር ላይ ስለነበር አንዱ ጎኑ ቀስ በቀስ ሰጥሟል፤ እኔ ግን አላየሁም። መኪናው አንድ ጊዜ ወደ ጎን ተንሸራቶ ቸርኬው የነበረበት ክፍል አፈሩ ውስጥ ተተከለ። እጄ በዚያች ቅጽበት ውጪ የነበረው ከእጄ ያመለጠ ዳዶ ለማንሳት ዞር ስላልኩ ብቻ ነው። ዳዶው ባያመልጠኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል።

ከዚያ ወዲህ በመንገዱ በኩል ያለን ጎማ ዳሩ ሰፊ ካልሆነ በቀር አልቀይርም፤ ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። ቦታው ደኅና ከሆነ፣ መሬቱ ጠንካራና ሜዳማ መሆኑን ይመልከቱ፤ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ በታች ሰፊ ጠንካራ ጣውላ ያድርጉ። በሰያፍ ተቃራኒ ላለው ጎማ ታኮ ያድርጉ። ዳዶዎቹን መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ ያላሉ፤ በአየር ላይ ያለን ጎማ በኃይል መፍታት መኪናውን ከክሪኩ ይጥለዋል። ክሪኩ የሚገባበት ቦታ በመኪናው መመሪያ ላይ የተጠቆመው ብቻ ነው። መኪናው ከተነሳ በኋላ የትኛውም የሰውነት ክፍል ከሥሩ አይግባ፤ ትርፍ ጎማውን (ስኮርታውን) ከመኪናው ጎን ሥር አጋድመው ቢያስገቡት፣ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው በጎማው ላይ ያርፋል። የተፈታውን ጎማ ሲያወጡም እሱን በትርፍ ጎማው ቦታ ከመኪናው ሥር ይተኩ።

አዲሱን ጎማ ሲገጥሙ ዳዶዎቹን በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎም አንዱን አጥብቀው ወደ ትይዩው እየዘለሉ በኮከብ ቅርጽ ያስሩ፤ በተርታ ከታሠሩ ቸርኬው ተጣምሞ ይቀመጣል። የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው። ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። ቀጭኑ ጊዜያዊ ትርፍ ጎማ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ያክብሩ፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው።

ሞተር ሲግል

የሙቀት መለኪያው ቀዩን ሲጠጋና መቆሚያ ቦታ ገና ሩቅ ሲሆን፣ የመኪናውን ውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተው መስኮቶቹን ያውርዱ፤ ማሞቂያው ሙቀቱን ከሞተሩ ስለሚወስድ ጥቂት ጊዜ ያስገኝልዎታል። ቆመው ሞተሩን ካጠፉ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ግን አይንኩ። ውሃው በግፊት ስለታፈነ ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎም ላይፈላ ይችላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ስለሚለቀቅ በቅጽበት ፈልቶ ይፈነዳል፤ የሚያርፈውም ፊትና ደረት ላይ ነው። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የራዲያተሩ የላይኛው የላስቲክ ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ከሆነ ብቻ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው፣ ፊትዎን አርቀው፣ በጥቂቱ አዙረው ትንፋሹን ካስወጡ በኋላ ይክፈቱት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ሊሰነጥቅ ይችላል። ቬንቲሌተሩም (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ) ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በራሱ ሊነሳ ስለሚችል ጣትም ሻርፕም አይቅረበው።

ከኮፈኑ ሥር ነበልባል ካዩ ኮፈኑን አይክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ ይበረታል። ሁሉንም አውርደው፣ ራቅ ብለው፣ ለእሳት አደጋ ይደውሉ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብርቱካናማ ሽቦዎችን አይንኩ፤ የባትሪው እሳት የጠፋ መስሎ ዳግም ሊነሳ እንደሚችልም ይወቁ።

ባትሪ ሲደክም

በሌላ መኪና ባትሪ ለማስነሳት ሁለቱም መኪኖች እኩል ቮልቴጅ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ባለ 12 ቮልቷን ትንሽ መኪና ያቃጥላል። ቀዩን ኬብል በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በደኅናው ፖዘቲቭ ያያይዙ፤ ጥቁሩን በደኅናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ከደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ያያይዙ። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ የመጨረሻው ብልጭታ አጠገቡ እንዳይሆን ነው። ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ባትሪን ለማስነሳት አይሞክሩ።

ወደ መንገድ ሲመለሱ

መኪናው ተነስቶ ወደ መንገድ ሲመለሱ በጥድፊያ አይውጡ። ምልክቱን ሲያነሱ እንዳስቀመጡት ሁሉ የሚመጡትን እያዩ ይሂዱ፤ ዳሩ ከፈቀደ ፍጥነትዎን በዳሩ ላይ ከጨመሩ በኋላ በቂ ክፍተት ሲያገኙ ይግቡ። በገመድ የሚጎተት ከሆነ የተጎታቹ መኪና ቁልፍ መከፈት አለበት፤ አለበለዚያ መሪው ይቆለፋል። ኦቶማቲክ መኪና ግን ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት ላይ እየተንከባለሉ ከተጎተተ ካምቢዮው ሊቃጠል ስለሚችል፣ የመኪናው መመሪያ ካልፈቀደ በቀር በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ መሄድ አለበት።

ሰደርያዎቹን መልሰው ሲያስቀምጡ ከጭነቱ ሥር አይቅበሯቸው። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ አንድ፣ ከመቀመጫ ሳይነሱ በእጅ በሚደረስበት የበር ኪስ ውስጥ ይኑሩ።